ድረ ገጻችንን ማን ጣለው? የሰርቨራችንን ትርታ ስለሚቆጥረው ትንሽ ወኪል

"የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ" ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱ ስለ ሌላ ሰው ሲነገር ያስቃል፤ በራስ ላይ ሲደርስ ግን ያሳፍራል። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ስለ አንድ የኮምፒዩተር ጉዳይ ላወራችሁ ነው የተነሳሁት። ጉዳዩ የቴክኒክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለሙያዎቹ እተወው ነበር። ነገር ግን በስደት የምንገኝ መገናኛ ብዙኃን "ተጠቃን" ስንል እንታመናለን ወይስ አንታመንም ከሚለው ጥያቄ ጋር የተቆራኘ ስለሆነ፣ አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ነገሩ የሆነው በ2016 መገባደጃ፣ አገር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን ነው። እኔና ጥቂት ጓደኞቼ በትርፍ ጊዜያችን የምናንቀሳቅሰው አንድ ድረ ገጽና እሁድ እሁድ ማታ የሚተላለፍ የኢንተርኔት ራዲዮ ነበረን። ሰርቨሩን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ያን ዕለት እንግዳችን ተጋብዞ፣ አድማጩ ከየአገሩ ተሰብስቦ፣ ውይይቱ ጦፎ ሳለ ስርጭቱ ቀጥ አለ። ድረ ገጹም አልከፈት አለ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ "አገዛዙ የሳይበር ጥቃት ከፈተብን" የሚል መግለጫ በፌስቡክ አወጣን። ሕዝቡ ተቀባበለው። "አይዟችሁ" ያለን ብዙ ነው፤ ገንዘብ ያዋጣልንም አለ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደምንም ወደ ሰርቨሩ ገብቼ ሳየው ግን ያገኘሁት ጠላት አልነበረም። የሰርቨሩ ዲስክ ጢም ብሎ ሞልቷል። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ገጽ እንደከፈተ የሚመዘገብበት ፋይል ለወራት ሲያብጥ ኖሯል። አሮጌው መዝገብ በየጊዜው እንዲወገድ ማዘዝ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ረሳሁት። ፋይሉም የቀረችውን ቦታ ጠርጎ በላት። አሮጌውን መዝገብ ሰረዝኩ፣ ፕሮግራሞቹን እንደገና አስነሳሁ፣ ሁሉም ነገር በአምስት ደቂቃ ተመለሰ።

ጠዋት ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። አንደኛው "ተወው በቃ፤ ዛሬ ባያደርጉት ነገ የሚያደርጉት ነው" አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ማስተባበያ አልወጣም። የተዋጣውም ገንዘብ ለሰርቨሩ ኪራይ ዋለ።

ከወራት በኋላ ደግሞ ሰርቨሩ ለሁለት ቀናት ሲወድቅ ሲነሳ፣ ሲወድቅ ሲነሳ ቆየ። በዚህኛው ጊዜ ዲስኩ ባዶ ቦታ ነበረው። ሆን ተብሎ የተላከ የጥያቄ ጎርፍ ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ። አምናለሁ እንጂ ላሳያችሁ አልችልም፤ የዚያን ሁለት ቀን አንዲት ቁጥር እንኳ አላስቀረሁምና። ሰርቨሩን የሚያከራየን ድርጅት (ስሙን ልተወው) "ጥቃት ነው የምትሉ ከሆነ መረጃችሁን ላኩ" አለን። የምንልከው አልነበረንም። "እንግዲያውስ ችግሩ ከእናንተው ፕሮግራም ነው" ብለው ወደድ ያለ ኪራይ እንድንገባ መከሩን። መግለጫ ስናወጣ ደግሞ አንድ አድማጫችን "እናንተ መብራት ቢጠፋባችሁም ወያኔ ነው ትላላችሁ" ብሎ ጻፈብን። ተናደድኩ። በኋላ ሳስበው ግን ሰውየው ምን አጠፋ? ቀበሮ መጣብኝ እያለ ሰፈሩን ያስቸገረውን እረኛ ታሪክ ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተነዋል።

ይህን የምለው ጥቃትም አፈናም የለም ለማለት አይደለም። ከምርጫ 97 ማግስት፣ በሜይ 2006፣ በውጭ የሚዘጋጁ ተቃዋሚ ድረ ገጾች አገር ቤት ውስጥ አልከፈት ማለታቸው ታውቋል፤ ባለሥልጣናቱ ግን እኛ አልዘጋንም ይሉ ነበር። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ በ2013 የግንቦት 7 መሪዎችን ፎቶ ማጥመጃ ያደረገ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ይፋ አውጥቷል፤ በ2014 ደግሞ የኢሳት ባልደረቦች በስካይፕ በተላኩ ፋይሎች እንዴት እንደተሞከሩ አጋልጧል። በዲሴምበር 2016 አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ኡኒ የተባለው ቡድን በጋራ ባወጡት ሪፖርት ማኅበራዊ መገናኛዎችና ድረ ገጾች በኢትዮጵያ መታፈናቸውን በመለኪያ አስረድተዋል። በጁን 2018 መንግሥት ራሱ 264 ድረ ገጾችንና ስርጭቶችን ፈታሁ ሲል፣ ሲክደው የኖረውን በገዛ አንደበቱ አመነ። እነዚህ ነገሮች ዛሬ የማይካዱት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለለካቸውና ስለመዘገባቸው ነው። እኛ በ2016 ያወጣነው መግለጫ ግን መለኪያም መዝገብም አልነበረውም፤ እውነትም አልነበረም።

አሁን ወደ መሣሪያው ልግባ።

"ኤጀንት" የሚለው ቃል በስደተኛ ጆሮ ደስ አይልም። አንዳንዳችን ሰላይ ትዝ ይለናል፤ ዱባይና ሪያድ ለከረሙ እህቶቻችን ደግሞ ደላላው። በኮምፒዩተር ሰዎች ቋንቋ ግን ኤጀንት ማለት በአንድ ማሽን ላይ ተቀምጦ የማሽኑን ጤንነት እያነበበ ለጠየቀው የሚናገር ትንሽ ፕሮግራም ነው። እኔ ወኪል እያልኩ እቀጥላለሁ። ዓይነቱ ብዙ ነው። ዛቢክስ ከ2001 ጀምሮ፣ ኮሌክትዲ ከ2005 ጀምሮ አሉ። እኔ የያዝኩት ኖድ ኤክስፖርተር የሚባለውን ነው። ይህ ወኪል ፕሮሚቲየስ ከሚባል ሥርዓት ጋር አብሮ የሚሠራ ሲሆን፣ ፕሮሚቲየስ በ2012 በርሊን በሚገኘው ሳውንድክላውድ በተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ውስጥ የተጀመረ ነው። ክፍያ የለውም፣ የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ሲወርድ ከ10 ሜጋባይት ብዙም አይርቅም። ለእኛ ዓይነቱ ኪሱ ባዶ ለሆነ ዝግጅት ክፍል ዋነኛው ነገር ይኸው ነው።

ብዙ ሰው ወኪሉ አንድ ረቂቅ ሥራ የሚሠራ ይመስለዋል። የሚቆጥረው ግን ወኪሉ ሳይሆን ራሱ ሊነክስ ነው። ከርነል የሚባለው የሊነክስ እምብርት ማሽኑ ከተነሳበት ቅጽበት ጀምሮ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር በሥራ ያሳለፈውን ጊዜ፣ በኔትወርክ የገባውንና የወጣውን ባይት፣ ከዲስክ የተነበበውንና የተጻፈውን ሳያርፍ ይቆጥራል። ቁጥሮቹንም ፕሮክ በሚባል ማኅደር በኩል ያሳያል። ማኅደሩ ሲከፈት ፋይሎች የተደረደሩበት ይምሰል እንጂ ዲስክ ላይ የተቀመጠ ነገር የለም፤ አንባቢ ሲመጣ ከርነሉ በዚያችው ቅጽበት አዘጋጅቶ የሚሰጠው ነው። ወኪላችን እነዚህን አንብቦ፣ በአንድ መስመር አንድ ስምና አንድ ቁጥር እያደረገ፣ በተራ ጽሑፍ በፖርት 9100 ላይ ያወጣቸዋል። ያለፈውን አያስታውስም፣ አይተነትንም፣ አይፈርድም። ሲጠየቅ የአሁኑን ይናገራል፣ በቃ።

ቁጥሮቹ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ያልለየ ሰው ግራፍ አይቶ ይደነግጣል፤ እኔም ደንግጫለሁ። አንደኛው ዓይነት እንደ መብራት ቆጣሪ ነው። አገር ቤት ግድግዳችን ላይ የነበረውን ቆጣሪ አስታውሱ። ቁጥሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ብቻውን ሲታይም ምንም አይነግርም። የመብራት ኃይሉ ሰውዬ መጥቶ የዛሬውን ጽፎ ያለፈውን ወር ሲቀንስበት ነው የፈጀነው የሚታወቀው። በኔትወርክ የገባ ባይትም እንዲሁ ነው። አሁን 1,200,000,000 አለ እንበል። ከ60 ሰከንድ በኋላ ስናየው 1,260,000,000 ሆኗል። ልዩነቱ 60,000,000 ነው፤ ለ60 ሲካፈል በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ባይት፣ ማለትም 8 ሜጋቢት እየገባ ነው ማለት ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ቆጣሪው ከዜሮ ይጀምራል፤ ፕሮሚቲየስ ይህን አውቆ ሂሳቡን ራሱ ያስተካክላል። ሁለተኛው ዓይነት እንደ መኪና የነዳጅ ጌጅ ነው፤ ይወጣል ይወርዳል፣ በታየበት ሰዓት ያለውን ያሳያል። የዲስክ ባዶ ቦታና የተረፈ ሜሞሪ ከዚህ ወገን ናቸው።

ወኪሉ የማያስታውስ ከሆነ የሚያስታውስለት ያስፈልጋል። ሰብሳቢው ፕሮሚቲየስ ነው፤ በየ15 ሰከንዱ (እኔ ያደረግኩት እንዲህ ነው) ወደ ወኪሉ እየሄደ ይጠይቃል፣ መልሱን ከሰዓቱ ጋር ይመዘግባል። እዚህ ላይ አንድ ስህተት አትሥሩ፤ ሰብሳቢውን ወኪሉ ካለበት ማሽን ላይ አታስቀምጡት። የሞተ ሰው የራሱን መርዶ አይናገርም። ሰብሳቢው በሌላ ማሽን፣ ከተቻለም በሌላ አከራይ ዘንድ፣ በሌላ ከተማ ይሁን። ወኪሉ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ሰብሳቢው ዜሮ ብሎ ይጽፋል፤ ያች ዜሮ ራሷ ከነሰዓቷ ትልቅ ማስረጃ ናት። የእኔ ሰብሳቢ ቤቴ ምድር ቤት ውስጥ ያለ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ስክሪኑ ተሰንጥቋል፣ ሥራውን ግን ይሠራል።

ወኪሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቁጥሮች ያወጣል። ሁሉንም ልከታተል ያለ ሰው አንዱንም አይከታተልም። እኔን የጠቀሙኝን ብቻ ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ዲስክ። እኔን ያዋረደኝ እሱ ነውና ቂም አለብኝ። ዲስክ ድንገት አይሞላም፤ በግራፍ ላይ እንደ ዳገት ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ፕሮሚቲየስ የዳገቱን አካሄድ አይቶ "በዚህ ዓይነት ከቀጠለ በአራት ሰዓት ውስጥ ይሞላል" ብሎ የሚገምትበት ስሌት አለው፤ ማንቂያ አድርጋችሁ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም እንዲደርሳችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ። ያን እሁድ ይህ ቢኖረኝ ኖሮ ገና ቅዳሜ ማታ አውቀው ነበር። አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ሊነክስ ለእያንዳንዱ ፋይል ኢኖድ የሚባል የመዝገብ ቁጥር ይሰጣል፤ ጥቃቅን ፋይሎች እጅግ ሲበዙ ቦታው ሳይሞላ ኢኖዱ ያልቃል። ያኔ ዲስኩ ግማሽ ባዶ ሆኖ ሳለ "ቦታ የለም" ይላችኋል። ወኪሉ ሁለቱንም ያሳያል።

ሜሞሪ ላይ ብዙ ሰው በከንቱ ይጨነቃል። ሊነክስ ያልተያዘ ሜሞሪ ካገኘ ከዲስክ ያነበበውን ያስቀምጥበታል፤ ስለዚህ "ነጻ" የሚለው ቁጥር ሁልጊዜ ትንሽ ነው። መታየት ያለበት "ሊገኝ የሚችል" የሚለው ነው። ይህ ቁጥር ከ2014 ወዲህ ከርነሉ ራሱ አስልቶ የሚሰጠው ነው። እሱ ወደ ዜሮ ከቀረበ ግን ቀልድ የለም፤ ከርነሉ አንዱን ፕሮግራም መርጦ ይገድላል፣ የሚገድለውም ብዙ ጊዜ ትልቁን፣ ማለትም ዳታቤዛችሁን ነው።

ሎድ የሚባለውን ለማስረዳት ቀበሌ ልውሰዳችሁ። አራት መስኮት ያለው ቀበሌ አስቡ፤ መስኮቶቹ ፕሮሰሰሮች ናቸው። ሎድ ማለት በመስኮት ላይ እየተስተናገደ ያለውና ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው ድምር ነው። ሎዱ 4 ከሆነ አራቱም መስኮት ሥራ ላይ ነው፣ ሰልፍ የለም። 12 ከሆነ ስምንት ሰው ቆሟል። ስለዚህ "ሎዱ 4 ደረሰ" ብሎ መጮኽ ትርጉም የለውም፤ የመስኮቱ ብዛት ስንት ነው? ሦስት ቁጥር ታያላችሁ፤ የአንድ፣ የአምስትና የአሥራ አምስት ደቂቃ ናቸው። የመጀመሪያው ትልቅ ሆኖ የመጨረሻው ትንሽ ከሆነ ሰልፉ አሁን የመጣ ነው፤ ተቃራኒው ከሆነ እየተበተነ ነው። ሊነክስ ደግሞ አንድ የራሱ ጠባይ አለው። ፋይሉ ከመዝገብ ቤት እስኪመጣለት የሚጠብቀውንም ባለጉዳይ እዚህ ውስጥ ይቆጥራል። ጸሐፊው ሥራ ፈትቶ "ፋይሉ አልወረደም" እያለ ሲቀመጥ አይታችሁ የለ? መዝገብ ቤቱ ዲስክ ነው። ሎድ ከፍ ብሎ ፕሮሰሰሩ ግን ሥራ የፈታ ከሆነ፣ ችግሩ ከመስኮቱ ሳይሆን ከመዝገብ ቤቱ ነው።

ርካሽ ሰርቨር የተከራየ ሰው አንድ ቁጥር ይጨምር፤ "የተሰረቀ ጊዜ" ይሉታል። የምንከራየው ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ትልቅ ማሽን ውስጥ ከብዙ ደባሎች ጋር የሚኖር ነው። የእኛ ፕሮግራም ልሥራ ሲል ፕሮሰሰሩ ለደባል ተሰጥቶ የጠበቀበት ጊዜ እዚህ ይቆጠራል። እኔ በአንድ ወቅት ይህ ቁጥር ማታ ማታ እስከ 30 በመቶ ሲወጣ አይቼ ግራፉን ለአከራዩ ልኬለታለሁ። ከዚህ በፊት "ፕሮግራማችሁ ነው" ይለኝ የነበረው ሰው በማግስቱ ያለ አንዳች ክርክር ወደ ሌላ ማሽን አዛወረን።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ድረ ገጹ ሲወድቅ ማን እንደጣለው ከእነዚህ ቁጥሮች ይታወቃል ወይ? በከፊል።

ዲስክ ሞልቶ ከሆነ ዳገቱ ይታያል፤ ከዚያ የሚወጣው ባይት ይቀንሳል፣ ፕሮሰሰሩም ጸጥ ይላል። የጎርፍ ጥቃት ከሆነ የሚገባው ባይት በደቂቃዎች ውስጥ ሽቅብ ይተኮሳል፤ የኪራይ መስመራችሁ ጣሪያ ላይ ሲደርስም እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ የሚወጣው ግን አብሮ አያድግም። ትልቅ ዜና ሲፈነዳ አንባቢ ቢጎርፍስ? ያኔ የሚወጣው ከሚገባው በብዙ ይበልጣል፤ ምክንያቱም አንባቢ የሚልከው ጥያቄ አጭር ነው፣ የምንመልስለት ገጽና ድምፅ ግን ትልቅ ነው። አስቸጋሪው ሦስተኛው ዓይነት ነው። አጥቂው እንደ ተራ አንባቢ ተመሳስሎ ከባድ ከባድ ገጾችን፣ ለምሳሌ የፍለጋ ገጹን፣ ደጋግሞ ይጠይቃል። ኔትወርኩ ላይ ብዙም አይታይም፤ ሎድና ፕሮሰሰር ግን ይናጣሉ። በራሳችን በደንብ ያልተጻፈ ፕሮግራምም ይህንኑ መልክ ሊያመጣ ይችላል። እዚህ ላይ ወኪሉ ብቻውን በቂ ምስክር አይደለም፤ ያን የረገምኩትን የጎብኚዎች መዝገብ ከፍቶ ከየት አድራሻ ምን ያህል ጥያቄ እንደመጣ መቁጠር ግድ ነው።

አንድ ነገር ግን ወኪሉ በደንብ ይለያል፤ ማሽኑ ሞቶ ነበር ወይስ መንገዱ ተቆርጦ? ሰብሳቢው ለአንድ ሰዓት ዜሮ ጻፈ እንበል። ማሽኑ ሲመለስ ወኪሉን "መቼ ተነሳህ?" በሉት። የተነሳበት ሰዓት አዲስ ከሆነ ማሽኑ ጠፍቶ ነበር። የቆየው ሰዓት ከሆነና ቆጣሪዎቹም ካቆሙበት ቀጥለው ከተገኙ፣ ማሽኑ ያን ሁሉ ጊዜ በሕይወት ነበር፤ የተዘጋው መንገዱ ነው። ይህን ይዞ አከራዩን ማነጋገርና ባዶ እጅ መነጋገር የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

አገር ቤት ሲዘጋስ? ያኔ ወኪሉ የሚያሳየው ጸጥታን ነው። ከ2018ቱ መከፈት በኋላ ከኢትዮጵያ የሚመጣው አንባቢያችን በርክቶ ነበር። ጁን 30 ቀን 2020፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ግራፉን ስመለከት የሚወጣው ባይት ቁልቁል ወርዶ ተኝቷል። ልማዴ ሆኖ መጀመሪያ ራሴን ጠረጠርኩ። ዲስክ ደህና፣ ሜሞሪ ደህና፣ ሎድ ከወትሮው ያነሰ፣ ወኪሉ አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳያመልጠው መልሷል። ሰርቨሩ ጤነኛ ነው፤ የጠፋው ሰው ነው። መንግሥት ኢንተርኔቱን በመላ አገሪቱ ቆርጦት ነበር፤ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። ከዚያ በኋላ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ትግራይ ለሁለት ዓመት ገደማ፣ ከኦገስት 2023 ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል ለወራት እንዴት እንደጨለሙ ታውቃላችሁ። የአንድ አነስተኛ ሰርቨር ግራፍ ይህን ብቻውን አያስረዳም። "የእኛ ማሽን አልወደቀም" የሚለውን ግን ያስረዳል፤ የቀረውን በየአገሩ ሆነው ከሚለኩት እንደ ኡኒ ካሉት ጋር ማገናዘብ ነው።

ስለ ጥንቃቄ ሳልናገር ባልፍ ወንጀል ይሆንብኛል። ፊንስፓይን የቀመሰ ማኅበረሰብ "ሰርቨራችሁ ላይ ወኪል ጫኑ" ሲባል ቢጠራጠር ትክክል ነው። ይህ ወኪል ኢሜይል አያነብም፣ የአንባቢ ስም አያውቅም፤ ድምርን እንጂ ይዘትን አይቆጥርም። ሆኖም የከርነሉን ዓይነት፣ የማሽኑን ስምና የዲስኮቹን አደረጃጀት ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል፤ እንደ ተለመደው ከተተወ ደግሞ በሩ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው። ስለዚህ ፖርት 9100ን በፋየርዎል ዝጉት፤ ከሰብሳቢያችሁ አድራሻ በስተቀር ማንም አይግባ። ከዚያ የሚሻለው ወኪሉ በማሽኑ ውስጥ ብቻ እንዲሰማ አድርጎ ሰብሳቢው በተመሰጠረ መስመር እንዲመጣ ማድረግ ነው። ወኪሉን እንደ ሥርዓቱ ጌታ አታስነሱት፤ ምንም ሥልጣን የሌለው፣ መግባት እንኳ የማይችል የራሱ ተጠቃሚ ክፈቱለት፤ ለሥራው ይበቃዋል። ፕሮግራሙንም ከፕሮሚቲየስ ከራሱ ወይም ከሊነክስ አከፋፋያችሁ ብቻ አውርዱ፤ አብሮ የሚሰጠውን የማረጋገጫ ቁጥርም አመሳክሩ። "ወንድሜ፣ ይቺን ጫናት፣ ትጠቅምሃለች" ብሎ በቴሌግራምም ሆነ በሌላ መንገድ የሚላክን ነገር አትንኩ።

ትልልቆቹም እኮ በዚህ ተበልተዋል። ሶላርዊንድስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኦራየን የሚል የኔትወርክ መከታተያ ፕሮግራም ይሸጥ ነበር። በዲሴምበር 2020 ይፋ እንደሆነው፣ ሰርጎ ገቦች የፕሮግራሙን ማሻሻያ በመርዝ ለውሰውት እስከ 18,000 የሚደርሱ ደንበኞች ዘንድ ገብቷል፤ ከእነሱም የአሜሪካ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይገኙባቸዋል። ጠባቂውን ማን ይጠብቀው እንደሚባለው ነው። የእኔ መልስ ወኪሉ ትንሽ ይሁን፣ ሥልጣኑ ጠባብ ይሁን፣ ትእዛዝ የማይቀበል ይሁን የሚል ነው። ኖድ ኤክስፖርተርን የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ይናገራል እንጂ አይታዘዝም።

የቀረችው ትንሽ ነገር የማስታወሻው ዕድሜ ናት። ፕሮሚቲየስ ካልነገራችሁት የሚይዘው የ15 ቀን ብቻ ነው። ለእኛ ይህ አይበቃም፤ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነውና። እኔ ወደ አንድ ዓመት አሳድጌዋለሁ፤ የአንድ ማሽን ቁጥር ስለሆነ አሮጌው ላፕቶፕም አልከበደውም። በዝግጅት ክፍላችን አሁን አንድ ልማድ አበጅተናል። "ተጠቃን" የሚል መግለጫ ከመውጣቱ በፊት የዲስኩን፣ የሎዱንና የኔትወርኩን ግራፍ ከነሰዓቱ እናያለን፤ ጥቃት ከሆነም ግራፉን ከመግለጫው ጋር አብረን እናወጣለን። ያ "ተወው በቃ" ያለኝ ጓደኛዬ መጀመሪያ ላይ "ዜናው ይቀዘቅዛል" ብሎ ተከራክሮኝ ነበር፤ አሁን ራሱ ነው "ግራፉስ?" የሚለው።

የ2016ቱን መግለጫ በተመለከተ፣ ያን እሁድ ማታ ማንም አላጠቃንም ነበር። ዲስኩ ሞልቶ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። በዚያ ምሽት ገንዘብ ያዋጣችሁልን ወገኖች፣ እነሆ ዘግይቼም ቢሆን ነገርኳችሁ።